ገጣሚውና ፈቂሁ የተጋዙባት ደሴት



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

በሻዕባን ወር ማለቂያ ላይ፣ በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀራሁትና ዛሬ በአውሮፓ የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ሊጠይቀኝ ቤት ድረስ መጣ። ከምጽዋ ተነስቶ በጀልባ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሄዶ ኖሮ፣ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች በስልኩ እያገላበጠ ያሳየኝ ጀመር። ነጭ አሸዋ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚለዋወጥ ውኃ፣ ዓሣው ከላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጥልቀት፣ አንድም ሰው የሌለበት ረጅም የባሕር ዳርቻ። «ኡስታዝ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ሱብሓነላህ እያልኩ አየሁ። ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ደርሶ ቶሎ ሊያልፈው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው። ዐረብኛ ስለተጻፈበት ነው ያነሳሁት።»

አጉልቶ አሳየኝ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ኩፊ የሚባለው ጥንታዊው፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለውና ነጥብ የሌለው የዐረብኛ አጻጻፍ ነው። በስመላውን ለየሁት። ቀጥሎ «ይህ የ... መቃብር ነው» ይላል። ከዚያ «ቢንት»፣ የእገሌ ልጅ የሚለው ቃል አለ። የቀረው ተሸርፏል። ሴት መሆኗን አወቅን፤ ስሟንም የአባቷንም ስም ግን አላገኘንም። ልጁ ጥቂት ዝም አለና «እኔ እኮ አጠገቡ ተቀምጬ ነው ምሳዬን የበላሁት» አለኝ።

የዛሬው ንግግሬ ምክንያት ያች ፎቶግራፍ ናት።

ዳህላክ አንዲት ደሴት አይደለችም። በቀይ ባሕር ላይ፣ ከምጽዋ ፊት ለፊት የተበተኑ ከ120 በላይ ደሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትልቋ ዳህላክ ከቢር ትባላለች። መንገደኛው ከምጽዋ ወደብ በጀልባ ተነስቶ ጥቂት ሰዓታት ባሕሩን ማቋረጥ አለበት። ደሴቶቹ የተገነቡት ኮራል ከሚባለው፣ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ከሚሠሩት ድንጋይ ስለሆነ ዝቅ ያሉና ጠፍጣፋ ናቸው። ወንዝ የላቸውም፤ ዝናባቸው ጥቂት ነው፤ ሙቀታቸውም የሚያውቁት ብቻ የሚችሉት ነው። ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ድሮ ደግሞ ከባሕሩ ሥር ሉል እያወጡ ይነግዱ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዳህሊክ ይባላል። የቋንቋ ምሁራን ይህ ቋንቋ ከትግረና ከትግርኛ ጋር ዘመዳም ሆኖ ራሱን የቻለ ሴማዊ ቋንቋ መሆኑን የለዩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ሆኖ አይደለም፤ ጠጋ ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

ጎብኚ በባሕሩ ከመደነቁ የተነሳ የማያየው አንድ ነገር አለ፤ የውኃ ጉድጓዶቹን ማለቴ ነው። ወንዝ በሌለበት ደሴት ላይ አንድ ሙሉ ከተማ ለመቶ ዓመታት እንዴት ኖረ? ሰዎቹ ድንጋዩን ወደ ታች እየፈለፈሉ ግድግዳውን ለስነው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አበጁ። በየቀኑ አንዱ እየተከፈተ ዓመቱን እንዲያደርስ 365 ነበሩ የሚል ትውፊት አለ። ቁጥሩ ለትውፊት ይሁን፤ ጉድጓዶቹ ግን አሉ። እዚያ አገር ውዱእ የሚያደርግ ሰው ውኃው ከየት እንደመጣ ሳያስብ ፊቱን አይታጠብም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሐበሻ ሲነሳ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ሂጅራን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ ሶሐቦች ከሹዐይባ ጠረፍ በሁለት የነጋዴ መርከቦች በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር መጡ። የሲራ ጸሐፊዎች የተሳፈሩበትን ቦታና የከፈሉትን ዋጋ ሳይቀር ነግረውናል። የወረዱበትን ጠረፍ ግን አልነገሩንም። ስለዚህ «ሶሐቦች ዳህላክን ረግጠዋል» የሚለውን ወሬ ብዙ ጊዜ ብሰማውም በዚህ ማይክሮፎን አልደግመውም። ዳህላክ ያልሆነውን ሳንጨምርላትም ታሪክ ሞልቷታል።

በሂጅራ 83፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ702፣ ከሐበሻ ጠረፍ የተነሱ የባሕር ዘራፊዎች ጅዳን መቱ። ጅዳ የመካ በር ናት፤ ነገሩ ለደማስቆ ገዥዎች ቀላል አልነበረም። የበኒ ኡመያ መንግሥት ቀይ ባሕርን ለመጠበቅ ሲል ዳህላክን ያዘ። ደሴቲቱን ከያዙ በኋላ ግን ሌላ ጥቅም አገኙባት። ከመዲና ርቃ፣ በባሕር ተከብባ፣ በሙቀት የምትነድ ቦታ ናት። ዝም እንዲል የሚፈለግ ሰው ቢላክባት ድምፁ ተመልሶ አይሰማም። ዳህላክ የግዞት ቦታ ሆነች።

ከተጋዙት ውስጥ ሁለቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ገጣሚ ነው፤ አል-አሕወስ ይባላል። ከመዲና ከአንሷሮች ወገን ነው። ቅድመ አያቱ ዓሲም ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) ናቸው፤ በረጂዕ ቀን ሲገደሉ ሙሽሪኮች አስከሬናቸውን እንዳይነኩ አላህ በንብ መንጋ የጠበቃቸው ታላቅ ሶሐባ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ምላሱ የተባ ነበር፤ ግጥሙ ግን የተከበሩ የመዲና ሴቶችን ስም እየጠራ ያነውር ነበር። በኸሊፋው በሱለይማን ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ዘመን ተከሰሰና ተገርፎ ወደ ዳህላክ ተጋዘ። ሱለይማን ሞተው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) በሂጅራ 99 ኸሊፋ ሲሆኑ የአንሷር ሰዎች መጥተው «የኛ ሰው ነው፤ ወደ አገሩ መልሱልን» ብለው ለመኑ። ዑመር ግጥሞቹን እያስታወሱ እምቢ አሉ። የሰው ክብር የተነካበት ጉዳይ በዘር ትልቅነት አይታለፍም ማለታቸው ነበር።

ሁለተኛው ፈቂህ ነው። ዒራክ ኢብኑ ማሊክ አል-ጊፋሪ ይባላል፤ ከታቢዒዮች ነው። ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ሐዲስ የተቀበለ፣ በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ውስጥ ስሙ የሚገኝ ታማኝ ዘጋቢ ነው። ሙስሊም ለግል አገልግሎት በያዘው ፈረስ ላይ ዘካ እንደሌለበት የሚያስረዳውን ሐዲስ ከአቡ ሁረይራ ተቀብሎ ያስተላለፈው እሱ ነው። ልጁ ኹሠይምም ከአባቱ ሰምቶ አስተላልፏል። በሰላት ብዛትም የታወቀ ነበር፤ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ራሳቸው በዚህ አመስግነውታል።

እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይጋዛል? ዑመር ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ፣ የገዛ ዘመዶቻቸው የመርዋን ቤተሰብ ከሕዝብ ሀብት ያለ አግባብ የያዙትን መሬትና ንብረት ማስመለስ ነበር። ከራሳቸው ጀመሩ፤ በእጃቸው የነበረውን መለሱ፤ የባለቤታቸው የፋጢማ ጌጥ ሳይቀር ወደ በይተል ማል ገባ። ቀጥሎ ወደ አጎቶቻቸውና ወደ ወንድሞቻቸው ልጆች ዞሩ። በዚህ ጊዜ ከጎናቸው ቆመው ሳያመነቱ ከገፉት ሰዎች ዋነኛው ዒራክ ነበር። የተወሰደው ይመለስ ሲባል፣ ለባለጸጋው ይሉኝታ የማያውቅ ሰው ነበር። አድማጮቼ፣ በየቀበሌያችንና በየቤተሰባችን የውርስ መሬት ጉዳይ ሲነሳ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማን እንደሚወደውና ማን እንደሚጠላው ታውቃላችሁ።

ዑመር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው በሂጅራ 101 ሞቱ። ቦታቸውን የያዘው የዚድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ነው፤ ንብረት ከተመለሰባቸው ሰዎች ቤት የወጣ ማለት ነው። መዲና ላይ አዲስ ገዥ ሾመ። ሹሙም ዒራክን ይዞ ወደ ዳህላክ ሰደደው። ያው የዚድ ደግሞ ገጣሚውን አል-አሕወስን ከግዞት አስወጣው፤ ግጥሙን ይወድለት ነበርና። ጻድቁ ኸሊፋ ያልፈታው ገጣሚ በአንድ ሰው ትእዛዝ ወጣ፤ የጻድቁ ኸሊፋ ቀኝ እጅ የነበረው ፈቂህ በዚያው ሰው ዘመን ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚነግረን አቡል ፈረጅ አል-አስፈሃኒ አል-አጋኒ በተባለው የግጥምና የዜማ መጽሐፉ ነው። ሃይማኖት የምንማርበት መጽሐፍ አይደለም፤ ብዙ የማይረባ ነገርም አለበት። የዒራክን መጋዝ ግን የሐዲስ ሰዎችን ታሪክ የጻፉትም ያውቁታል። አል-አጋኒ እንደሚለው የዳህላክ ሰዎች ግጥምን ከአል-አሕወስ፣ ፊቅህን ከዒራክ እየተቀበሉ ያወሩ ነበር። እንዲያውም ለየዚድ ያመሰግኑት ነበር ይላል፦ ዑመር ልጆቻችንን ከንቱ ነገር የሚያስተምር ሰው ተወብን፤ የዚድ ግን መልካሙን የሚያስተምረንን ላከልን እያሉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። የደሴቲቱ ሰዎች ስለ መዲና ፖለቲካ ምን ያውቃሉ? ከጀልባ የወረደውን ሰው ነው ያዩት። ከጀልባ የወረደው ሰው ደግሞ ንብረቱን፣ መስጊዱን፣ ተማሪዎቹን ባሕር ማዶ ትቶ የመጣ ሽማግሌ ነው። ተቀምጦ ማልቀስ መብቱ ነበር። እሱ ግን ልጆቻቸውን ሰብስቦ አስተማረ። ዒራክ በዚያው በየዚድ ዘመን ወደ አኺራ አለፈ። ሐዲሱ ግን እስከዛሬ በየመድረሳው ይነበባል። እኔም በተማሪነቴ ስሙን በሰነዱ ውስጥ ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ፤ እዚሁ ከደጃችን ባሕር ላይ ታስሮ እንደነበረ ያወቅሁት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ እንመለስ። በዳህላክ ከቢር የመቃብር ስፍራ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ከ200 በላይ የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ጣሊያናዊው ምሁር ጆቫኒ ኦማን እ.ኤ.አ. በ1976፣ ፈረንሳያዊቷ ማድሌን ሽናይደር ደግሞ በ1983 አጥንተው አሳትመዋቸዋል። ደሴቲቱ የኮራል ናት ብያችኋለሁ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከሌላ ቦታ በጀልባ የመጣ ነው። ለአንድ ሟች ሲባል ድንጋይ በባሕር ተጭኖ መጥቶ፣ ተጠርቦ፣ በባለሙያ እጅ ተጽፎበታል ማለት ነው። ከሟቾቹ ውስጥ ነጋዴዎች አሉ፤ ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። በጽሑፎቹ ላይ የቁርኣን አንቀጾች፣ የሟቹ የዘር ሐረግ፣ የሞተበት ወርና ዓመት ይገኛሉ። በመቃብር ላይ ስለመጻፍ ዑለሞች ምን እንዳሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ርእሴ እሱ ስላልሆነ አልገባበትም። ለታሪክ ግን እነዚህ ድንጋዮች ባይኖሩ ኖሮ የዳህላክን ሱልጣኖች ስም እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር። በድንጋይ ስማቸው ከተገኘ ሱልጣኖች የመጀመሪያው ሱልጣን አል-ሙባረክ ነው፤ የሞተው በሂጅራ 486 ነው።

እዚህ ላይ የማያስደስት ነገር አለ፤ ካልነገርኳችሁ ግን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ዳህላክ በሉል ብቻ አልበለጸገችም። ዑማራ አል-የመኒ የተባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ በሂጅራ 366 የዳህላክ ገዥ ለየመኑ የዘቢድ መንግሥት ከላከው ግብር ውስጥ 1000 ባሮች ነበሩ፤ ግማሾቹ የሐበሻና የኑባ ሴቶች ናቸው። የኛ አገር ልጆች ማለት ነው። እነዚያ ሴቶች የመቃብር ድንጋይ የላቸውም። ነጻ ሰውን ይዞ መሸጥ በዲናችን ከከባድ ወንጀሎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ነጋዴው ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ጉዳዩን ሸፍነን ማለፍ አይገባንም።

አላህ የሻውን ያደርጋልና፣ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሐበሾች አንዱ ነጃሕ የሚባለው በዘቢድ ባሪያ ሆኖ አድጎ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘቢድ ገዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1060 በመርዝ ሲገደል፣ ልጆቹ ሰዒድና ጀያሽ ባሕር ተሻግረው የተደበቁት የት ይመስላችኋል? ዳህላክ ነው። ከዚያች ደሴት ተነስተው ተመልሰው፣ አገራቸውን የወሰደባቸውን ዐሊ አስ-ሱለይሒን ገድለው ዘቢድን ያዙ። ጀያሽ የዘቢድን ታሪክ የጻፈ ምሁርም ነበር። የባሪያ ልጆች ሱልጣንና ጸሐፊ ሆኑ፤ የዘር ሐረጋቸው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዛ።

የዳህላክ ሱልጣኖች ራሳቸው ሁልጊዜ የሚመሰገኑ አልነበሩም። በ1260ዎቹ የግብጹ ሱልጣን ዟሂር በይበርስ ወደ ዳህላክና ወደ ሰዋኪን ገዥዎች መልእክተኛ ልኮ ገሥጿቸዋል። ጥፋታቸው በአገራቸው ላይ የሞቱ ነጋዴዎችን ንብረት መውሰዳቸው ነበር። የሟች ወራሽ በካይሮ ወይም በዐደን ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የደሴቱ ገዥ «ባለቤት የለውም» ብሎ ይወስዳል። ዒራክ ልጆች ባስተማረበት ደሴት ላይ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ወደቦች ዞረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፖርቱጋል መርከቦች ቀይ ባሕር ሲገቡ ሱልጣኔቱ ተዳከመ። እ.ኤ.አ. በ1557 ኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን ሲይዙ የዳህላክ ነጻነት አበቃ። ከተማዋ ወደ መንደርነት ተመለሰች።

የግዞቱ ሐሳብ ግን አልሞተም። ከዳህላክ ከቢር አጠገብ ያለችውን ኖክራ የምትባል ትንሽ ደሴት ጣሊያኖች ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስር ቤት አደረጓት። እስከ 1941 ድረስ ብዙ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሰዎች በዚያ ሙቀትና በውኃ ጥም አልቀዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ ኖክራ የሶቪየት ባሕር ኃይል ጣቢያ ሆነች። ሩቅ የባሕር ዳርቻ ለጎብኚ ጸጥታ ነው፤ ለገዥ ደግሞ ግድግዳ የማያስፈልገው ወኅኒ ቤት። የኡመያዎች ሹም ያየውን ነገር የሮም ሹም ከ1100 ዓመታት በላይ ቆይቶ አየው።

ድንጋዮቹም ተበትነዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን መርከበኞችና መኮንኖች ብዙዎቹን ጭነው ወስደዋል። ዛሬ አንዳንዶቹ በአስመራና በካይሮ፣ አንዳንዶቹ በጣሊያን በሞዴና፣ አንዳንዶቹ በፈረንሳይ በባር-ለ-ዱክ ከተማ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ሰውየው ዳህላክ ላይ ተቀብሮ፣ ስሙ ፈረንሳይ አገር ቆሞ ይገኛል።

የሰፈራችን ልጅ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። እናቱ ፎቶግራፉን ስታይ «ሰላም ብለሃቸዋል?» ብላ ጠይቃው ኖሮ ምን እንደሚመልስ ጠፍቶታል። ለመቃብር ሰዎች ሰላም የሚባልበትን ሱና በስልክ አስጻፍኩት። እንደገና ለመሄድ አስቧል፤ በዚህኛው ጊዜ በክረምቱ ሙቀት ሳይሆን አየሩ በሚቀልበት በታኅሣሥና በጥር ነው አለኝ። እኔም ድንጋዮቹን እንዳይነካ፣ እንዳያነሳ፣ ዝም ብሎ ፎቶግራፍ ብቻ እንዲያነሳልኝ፣ በተለይ ከጎን በኩል ብርሃን ሲያርፍበት በማለዳ እንዲያነሳ ነገርኩት። ኩፊ የሚነበበው ጥላው ሲወድቅ ነው።

ያችን የመጀመሪያዋን ፎቶግራፍ ደግሞ የጥንት ዐረብኛ ጽሑፍ ለሚያነብ ወዳጄ ልኬለታለሁ። ሽናይደር ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የድንጋዮቹ ፎቶግራፎች አሉ፤ ምናልባት የኛው ድንጋይ ሳይሸረፍ በፊት ተነስቶ ከሆነ እያለ አንድ በአንድ እያመሳከረ ነው። የሴትዮዋ ስም ከተገኘ በዚሁ ፕሮግራም እነግራችኋለሁ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።